ዛንዚባር ለጫጉላ፦ ስድስት ሌሊት አንድ ቦታ መቀመጥ ያዋጣል?

አዲስ_ሙሽራ (ኅዳር 9፣ ማታ 3:20)

ሰላም ቤተሰብ። ሠርጋችን ጥር ላይ ነው፣ ከጥምቀት በኋላ። ለጫጉላ ዛንዚባር ልንሄድ ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው ብለውኛል። ስድስት ሌሊት አለን። በምሥራቁ ዳርቻ ያለ አንድ ሆቴል ፎቶውን አይቼ ልቤ ወድቋል። ከበረንዳው ዘልለህ ባሕር ውስጥ የምትገባ ነው የሚመስለው። ስድስቱንም ሌሊት እዚያው ልያዝ ወይስ ሌላ የሚታይ ነገር አለ? እጮኛዬ ሙዚየም ምናምን አትወድም። እኔ ደግሞ ዋና ብዙም አልችልም፣ ሶደሬ የለመድኩትን ነው።

ነጭ_አሸዋ (ኅዳር 9፣ ማታ 4:05)

እንኳን ደስ ያላችሁ! ግን ወንድሜ፣ ገና ካልከፈልክ ቆም በል። ያ ፎቶ የተነሣው ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ነው። እኔም እንደዚሁ ተሸውጃለሁ። ደረስን፣ ሻንጣ ጣልን፣ የዋና ልብስ ለብሰን ወጣን። ባሕሩ የለም። የለም ስልህ የለም! ሩቅ ቦታ ነጭ መስመር ይታያል፣ ከእኛ እስከዚያ ድረስ እርጥብ አሸዋና ሣር። ባለቤቴ "እንዴ፣ እዚህም ውሃ ይጠፋል?" አለ።

ፓጄ፣ ጃምቢያኒ፣ ማቴምዌ የሚባሉት የምሥራቅ ዳርቻዎች ሁሉም እንደዚያ ናቸው። መሬቱ ዝርግ ነው። ኮራል የሚሉት የባሕር ድንጋይ ከዳርቻው ራቅ ብሎ እንደ አጥር ቆሟል። ውሃው ሲጎድል እስከዚያ ድረስ ይሸሻል። በቀን ሁለቴ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ መዋኘት ከፈለጋችሁ ወደ ሰሜን ጫፍ ሂዱ፣ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ። እዚያም ይጎድላል፣ ግን የሚዋኙበት ውሃ አይጠፋም። ፀሐይ ባሕሩ ላይ ስትጠልቅ የምታዩትም በዚያ በኩል ነው።

ላንጋኖ_ይበቃል (ኅዳር 9፣ ማታ 4:31)

ባሕር ዳር መቀመጥ ከሆነ የተፈለገው ባሕር ዳር አለልህ እኮ። ጣና አይሸሽም።

ባለ_ሻንጣ (ኅዳር 10፣ ጠዋት 2:50)

ቲኬት ቢሮ ስለምሠራ የማውቀውን ልንገርህ። አንደኛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ከኢትዮጵያ ስለምትነሣ ይጠይቁሃል። በመጨረሻው ሳምንት አይደለም የምትከተበው፣ ካርዱ የሚጸናው ከተከተብክ ከ10 ቀን በኋላ ነው። በሠርግ ግርግር ይህን ረስተው የመጡ ሙሽሮች አይቻለሁ፣ ሲያሳዝኑ!

ሁለተኛ፣ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር ሰው ሁሉ የደሴቷን የጉዞ መድን መግዛት ግዴታው ነው። ለአዋቂ 44 ዶላር። ሌላ መድን ቢኖርህም አይተካልህም። በኢንተርኔት ከፍለህ ወረቀቱን ይዘህ ሂድ። የቪዛውን ነገር በታንዛኒያ መንግሥት ገጽ ላይ ራስህ እይ፣ የሰው ወሬ አትመን፣ የእኔንም ጨምሮ።

ሦስተኛ፣ የተቀደደ፣ የተጻፈበት ወይም የድሮ ዶላር አይወስዱልህም። ፌስታልም ይዘህ አትግባ፣ ክልክል ነው። እኛ ሰዎች ጫማ እንኳ በፌስታል ነው የምንጠቀልለው።

ጥር መምረጥህ ጎበዝ ነህ። ይሞቃል እንጂ ዝናብ ብዙም የለም። ከፋሲካ በኋላ የሚያገቡት ናቸው የሚቸገሩት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት "ማሲካ" የሚሉት ትልቁ ዝናብ ነው፣ ሚያዝያ ላይ ይብሳል። ሆቴል ይረክሳል፣ እሱ እውነት ነው። የእኛ ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ እዚያ ደረቅና ነፋሻ ነው።

ዳሬሰላም_ያለሁ (ኅዳር 10፣ ቀን 7:15)

ስድስት ዓመት ታንዛኒያ ኖሬያለሁ፣ ዛንዚባርን በጀልባም በአውሮፕላንም ተመላልሼበታለሁ። ከነጭ_አሸዋ ጋር በግማሽ እስማማለሁ።

ምሥራቁ ለዋና አይመችም፣ እውነት ነው። ግን ውሃው ሲሄድ እኮ ነው ነገሩ የሚጀምረው። የመንደሩ ሴቶች ይወጣሉ። አሸዋው ላይ እንጨት ተክለው፣ ገመድ ዘርግተው የባሕር ሣር ያመርታሉ። አጭዶ ማድረቅ፣ መሸከም፣ ሁሉም በእጃቸው ነው። ምርቱ ለመዋቢያና ለምግብ ማወፈሪያ ወደ ውጭ ይላካል። ባሕሩ እየሞቀ መጥቶ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት እየሞተባቸው ተቸግረዋል። ፓጄ ላይ ከሣሩ ሳሙና የሚሠሩ ሴቶች አሉ፣ ያስጎበኙሃል። ጨርቅ እንደ ጥላ ወጥረው በነፋስ ውሃው ላይ የሚንሸራተቱትንም የምታየው እዚያው ፓጄ ነው።

ጫማ ሳታደርግ ግን እንዳትወጣ! የባሕር ጃርት አለ። ጥቁር፣ እሾሃም፣ ከድንጋይ ሥር የተሸጎጠ።

ለዋና የሚያስበው ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ሙላቱና ጉድለቱ ስድስት ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፣ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃዋ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ይበረታል፣ አራት ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ሆቴል ከመያዝህ በፊት የጨረቃዋን ቀን እይ። ቀልድ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከተማዋን፣ ስቶን ታውንን፣ ሳታይ ከመጣህ ዛንዚባር ሄድኩ አትበል። ሁለት ሌሊት ስጣት።

አዲስ_ሙሽራ (ኅዳር 10፣ ማታ 1:40)

እግዜር ይስጥልኝ። ሆቴሉን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ግን ስቶን ታውን ምን አለ? አሮጌ ቤት ከሆነ ፒያሳም አለን (ነበረን)።

ዳሬሰላም_ያለሁ (ኅዳር 10፣ ማታ 2:22)

ሐረርን ታውቃለህ? ጀጎልን አስብና ባሕር ጨምርበት። ሁለት ሰው ተያይዞ የማያልፍበት ጠባብ መንገድ፣ የነሐስ ጉብ ጉብ ያለበት የተቀረጸ ትልልቅ በር፣ ከኮራል ድንጋይ የተሠራ ቤት። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ነው። ትጠፋለህ። ጥፋ። ወደ የትም ብትሄድ በስተመጨረሻ ባሕር ወይም ገበያ ላይ ትወጣለህ።

የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ በ1840 እ.ኤ.አ. ዙሪያ ዋና ከተማውን ከሙስካት ወደዚህች ደሴት አዞረ። ሀብቱ ሁለት ነበር፣ ቅርንፉድና ባሪያ። ልጁ ሱልጣን ባርጋሽ በ1883 "የተአምራት ቤት" የሚባለውን ሠራ። በደሴቷ መጀመሪያ መብራት የገባበት፣ ሊፍት ያለው ቤት። በ2020 ከፊሉ ተደርምሷል፣ ስለዚህ ከውጭ ታየዋለህ እንጂ ልግባ ብለህ ዕቅድ አትያዝ።

አንድ ለእኛ ሰው የሚጥም ታሪክ። በ1896 እ.ኤ.አ. የካቲት ላይ እኛ አድዋ ነበርን። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሱልጣን ኻሊድ ያለ እንግሊዞች ፈቃድ ቤተ መንግሥቱን ያዘ። መርከቦቹ ከባሕሩ ላይ ተኮሱ። አርባ ደቂቃ ገደማ፣ አለቀ። በዓለም አጭሩ ጦርነት ይሉታል። ቦታው ላይ ቆመህ አስበው።

የቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ውስጥ የሰይድ ሰዒድ ልጅ የልዕልት ሳልሜ ክፍል ነበረ። ከጀርመን ነጋዴ ፀንሳ በ1866 ከደሴቷ የሸሸችው ናት። በትዝታዋ ላይ በአባቷ ቤት ስለነበሩ የሐበሻ ሴቶች ጽፋለች። እንዴት እዚያ እንደደረሱ መገመት አያቅትም። የባሪያ ገበያው የነበረበትንም ቦታ ሄዳችሁ እዩ።

ነጭ_አሸዋ (ኅዳር 10፣ ማታ 2:48)

በጫጉላ ላይ የባሪያ ገበያ አሳይ እያልከው ነው? ተው እንጂ!

ዳሬሰላም_ያለሁ (ኅዳር 10፣ ማታ 3:10)

አዎ፣ እያልኩት ነው። ገበያው በ1873 ሲዘጋ ቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራ። መሠዊያው የቆመው መገረፊያው ግንድ በነበረበት ቦታ ላይ ነው ይባላል። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለ፣ የድንጋይ ሰዎች አንገታቸው በሰንሰለት ታስሮ ቆመውበታል። ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ ማታ ሂዱና ፎሮዳኒ መናፈሻው ላይ የሸንኮራ ጭማቂ ጠጡ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የደሴዋ (ኅዳር 11፣ ጠዋት 4:30)

ስለ አለባበስ ማንም አላነሣም። ከተማዋ የእስልምና ከተማ ናት፣ ሰው የሚኖርባት ናት እንጂ የሆቴል ግቢ አይደለችም። ባሕሩ ዳር የፈለጋችሁትን ልበሱ። ገበያና መንደር ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። እህቴ ነጠላዋን ይዛ ሄዳ ነበር፣ ሴቶቹ እየዳሰሱ "ከየት ነው?" እያሏት ወዳጅ ሆኑ። ሰው ፎቶ ከማንሣትህ በፊት ጠይቅ። በረመዳን የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ ቀን ከሆቴል ውጭ ምግብ እንደ ልብ አታገኙም፣ መንገድ ላይ መብላትም ነውር ነው። ማታው ግን ሌላ ነው፣ ከተማው ሁሉ ይነቃል።

እማማ_ሰንበት (ኅዳር 11፣ ቀን 9:00)

ልጆች፣ ስለ ምግቡም ንገሩት እንጂ። ልጅቷ ረቡዕና ዓርብ ትጾም ይሆናል። ሥጋውስ ባርኮ የሚያርደው ማነው?

ነጭ_አሸዋ (ኅዳር 11፣ ቀን 9:40)

እማማ፣ ጥያቄዎን ወደድኩት። ሥጋው እስላም ያረደው ነው፣ የማይበላ ሰው ዓሣ ላይ ይበርታ። ዓሣው በኮኮናት ወተት ተሠርቶ ይቀርባል፣ ጣት ያስቆረጥማል። ለጾም ቀን በኮኮናት የተቀቀለ ባቄላ መሳይ "ማሃራጌ" አለ፣ ቻፓቲ አለ፣ ድንችና ካሳቫ ጥብስ አለ። "ኡሮጆ" የሚሉት ማንጎና ሎሚ ያለበት ቢጫ ሾርባም አለ፣ ግን እንቁላልና ሥጋ ስለሚጨምሩበት "ያለ ምንም" በሏቸው። ፎሮዳኒ ላይ "የዛንዚባር ፒዛ" የሚባለው ፒዛ አይደለም፣ ሊጡ ውስጥ እንቁላል፣ ሥጋና ሽንኩርት ተጠቅልሎ የሚጠበስ ነው። ኦክቶፐሱን ቅርፊትና ክንፍ የለውም ብለው እንደሚተዉት አውቃለሁ :)

እማማ_ሰንበት (ኅዳር 11፣ ቀን 10:12)

ስምንት እግር ያለው ነገር ልበላ? በስመ አብ!

ዳሬሰላም_ያለሁ (ኅዳር 11፣ ማታ 1:05)

ቡናም አይቀርባችሁም። ስቶን ታውን ውስጥ ጆዝ ኮርነር የሚባል አደባባይ አለ። ሽማግሌዎች ዳማ ይጫወታሉ፣ ፖለቲካ ያወራሉ፣ ቡና ሻጩ ከድስት መሳይ ጀበና በትንንሽ ሲኒ ይቀዳል። ያለ ስኳር፣ መራራ። ከጎኑ የኦቾሎኒ ጣፋጭ ይሰጡሃል። ከየት ነህ ሲሉህ ኢትዮጵያ ካልክ ስለ ቡና ክርክር ይከፈትብሃል፣ ተዘጋጅተህ ሂድ።

ቋንቋውን አትፍራ። ስኳር "ሱካሪ" ነው፣ ሳሙና "ሳቡኒ"፣ ሰባት "ሳባ"። ነጋዴ "ኤልፉ ኩሚ" ሲልህ ግን እልፍ በእኛ ስሌት እንዳይመስልህ፤ ኤልፉ ለእነሱ ሺህ ነው። አሥር ሺህ ሽልንግ ማለቱ ነው።

ሰዓታቸውም የእኛ ነው! በስዋሂሊ ጠዋት ሁለት ሰዓት "ሳአ ምቢሊ" ነው፣ ፈረንጅ ስምንት የሚለው። ከእነሱ ጋር ስትቀጣጠር በደስታ እንደ አገርህ ተቀጣጠር። ሆቴሉ ጋር ስትሆን ግን የፈረንጁን።

እና ባሕሩ ዳር "ጉብኝት፣ ጀልባ፣ ቅመም" እያሉ የሚከተሉህ ልጆች አሉ። የአገሩ ሰው ራሱ "ፓፓሲ" ይላቸዋል፣ መዥገር ማለት ነው። አትሳደብ፣ "ሃፓና አሳንቴ" በልና እለፍ። ጀልባ በሆቴልህ ወይም ቢሮ ባለው ሰው በኩል ያዝ። ዛጎልና ኮራልም ለቅመህ እንዳትመጣ፣ ኤርፖርት ላይ ያስቀሩሃል።

የመርካቶ_ልጅ (ኅዳር 12፣ ጠዋት 5:18)

ሁሉም ባሕር ባሕር ይላል፣ እኔ ቅመም ቸርቻሪ ነኝ። ከስቶን ታውን ወጣ ብሎ የቅመም እርሻ ማየትን እንዳትዘለው። ቀረፋ ልጣጭ መሆኑን ሰምተህ ይሆናል፣ ዛፉ ላይ ሲልጡት ግን ሌላ ነው። ገውዝ ሲከፈት ውስጡ ደማቅ ቀይ መረብ ለብሶ ታየዋለህ። ቁንዶ በርበሬ እንደ ሐረግ ዛፍ ላይ ይወጣል። ሄል ከሥሩ አጠገብ፣ መሬት ላይ ነው የሚያፈራው፣ እንደ እኛ ኮረሪማ። ቅርንፉድ ደግሞ ያልፈነዳ አበባ ነው። ሲፈነዳ ዋጋ የለውም። እነሱ "ካራፉ" ይሉታል፣ ከእኛው ቅርንፉድ ጋር አንድ ዘር ነው ስሙ። አብዛኛው የሚመረተው ግን ፔምባ በምትባለው በሁለተኛዋ ደሴት ነው።

እርሻው ላይ በሚያምር ቅርጫት የሚሸጡልህን አትግዛ። ዳራጃኒ ገበያ ሂድና በሚዛን ግዛ።

ላንጋኖ_ይበቃል (ኅዳር 12፣ ቀን 6:02)

ጦጣ አለ?

ዳሬሰላም_ያለሁ (ኅዳር 12፣ ቀን 6:45)

አለ! ጆዛኒ ጫካ። ቀይ ኮሎበስ፣ የእኛ ጉሬዛ ዘመድ፣ በዓለም ላይ ከዛንዚባር ሌላ አገር የለውም። አውራ ጣት የለውም። ከሰል ይበላል ብልህ ታምናለህ? ቅጠሉ ሆዱን እንዳይመርዘው ነው። ከስቶን ታውን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ፓጄ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ በመንገዳችሁ ታዩታላችሁ። አትንኩት፣ አታብሉት።

ዶልፊን እናሳያችሁ ለሚሏችሁ ግን እምቢ በሉ። አሥር ጀልባ አንድ ዶልፊን ከብቦ ሲያሳድድ ማየት ደስ አይልም።

አዲስ_ሙሽራ (የካቲት 3፣ ማታ 2:30)

ተመልሰናል! ይህን ክር የሚያነብ ሌላ ሙሽራ ስለሚኖር እንደሆነው ልጻፍ።

ሁለት ሌሊት ስቶን ታውን፣ ሦስት ኑንግዊ፣ የመጨረሻዋን ፓጄ አደረግን። ከደገምኩት ፓጄን መሃል ላይ ነው የማደርገው፣ ከዚያ ወደ ኤርፖርት በሩጫ ነው የመጣነው።

ካቴድራሉን አየነው። ሙዚየም አትወድም ያልኳት ሚስቴ ጉድጓዱ ጋ ቆመች፣ አልተነቃነቀችም። ከዚያ እስከ ምሳ አላናገረችኝም። የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር። ማታ ፎሮዳኒ ላይ ልጆች ከግንቡ ላይ እየተገለባበጡ ባሕር ሲገቡ አይታ ሳቀች። ነጭ_አሸዋም ዳሬሰላም_ያለሁም ልክ ነበራችሁ መሰለኝ።

የሰዓቱ ነገር። ሾፌሩን በእንግሊዝኛ "ሁለት ሰዓት" አልኩት፣ በልቤ በእኛው አቆጣጠር። እሱም በእነሱ አቆጣጠር ሰማኝ፣ ጠዋት ሁለት ላይ ከች አለ። ሁለታችን ተግባባን! እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ብሎ መዝግቦ ቁርሳችንን አላስቋጠረልንም። በባዶ ሆድ ሄድን።

እስር ቤት ደሴት የሚሏት ቻንጉ ላይ ትልልቆቹን ኤሊዎች አየን። በ1919 ከሲሸልስ በስጦታ የመጡት አራቱ ናቸው የተባዙት። ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል። እስር ቤቱ እስረኛ አይቶ አያውቅም አሉን፣ የቢጫ ወባ ማቆያ ነበር። የክትባት ካርዴ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ናኩፔንዳ። ስሙ "እወድሻለሁ" ማለት ነው። ባሕር መሃል ያለች የአሸዋ ቁራጭ ናት፣ ውሃው ሲጎድል ብቻ የምትወጣ። ጨርቅ ዘርግተው ዓሣ ጠብሰው አበሉን። እየበላን ሳለ አሸዋዋ ትጠባለች። መጀመሪያ አልገባኝም። ሐብሐብ ሲያመጡ ውሃው ከእግሬ ሁለት እርምጃ ነው። ጀልባው ላይ ስንወጣ ዞሬ አየሁ፣ የበላንበት ቦታ ሰማያዊ ሆኗል።

ምኔምባ የምትባለው ትንሽ ደሴት ጋ ስኖርክል አደረግን (በቱቦ እየተነፈሱ ውሃ ውስጥ ማየት ነው)፣ እኔ ላይፍ ጃኬት ለብሼ፣ ሳላፍር። ከላይ ምንም የለም፣ ፊትህን ስትነክር ከተማ ነው። ዓሣው በየዓይነቱ። ያሳፈረኝ ሌላ ነው። ስንመለስ ጀልባችን ሳይጠይቀን ዶልፊን አሳደደ። ተው ለማለት ይሉኝታ ያዘኝ። ዝም አልኩ።

ፓጄ ላይ ደግሞ ጫማዬን ረሳሁ። አዎ፣ እዚሁ ተነግሮኝ! ሦስት እሾህ ተረከዜ ላይ። አንዲት የባሕር ሣር የሚያጭዱ እናት ጥሬ ፓፓያ ቆርጠው ወተቱን ቀቡልኝ፣ እየሳቁብኝ። በማግስቱ እሾሁ ለስልሶ ወጣ። እማማ_ሰንበት፣ ለእርስዎ ቅርንፉድ ይዤልዎታለሁ።

እማማ_ሰንበት (የካቲት 3፣ ማታ 3:15)

ተባረክ ልጄ። ከየት ገዛኸው?

አዲስ_ሙሽራ (የካቲት 3፣ ማታ 3:21)

ከእርሻው። ቅርጫቱ አማረኝ።

የመርካቶ_ልጅ (የካቲት 3፣ ማታ 3:30)

አልኩህ አይደል! በል ብርጭቆ ውሃ አምጣና ጣላቸው። ዘይቱ ያለው ወደ ታች ይሰምጣል ወይም ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል። በጎኑ የተኛው ዘይቱ የወጣለት ነው።

አዲስ_ሙሽራ (የካቲት 3፣ ማታ 3:52)

አሥር ጣልኩ። ሰባት ቆሙ። ሦስት ተኝተዋል።